ጠንቋይ ሲያሳድድ የራሱን ጥላ ያላየ ንጉሥ
የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሕይወትና ለዛሬው አማኝ የሚሰጠው ትምህርት

ዛሬ ስለ አንድ የሀገራችን ንጉሥ ሕይወት ልንነግራችሁ እንወዳለን። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን ይህን ንጉሥ እንድናስታውስ ያደረገንን ጉዳይ ባጭሩ እንግለጽላችሁ።

በዚህ ዘመን ወጣቶቻችን በስልካቸው ከሚያዩአቸው ነገሮች አንዱ በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ሻዶ ወርክ» የሚባለው ልምምድ ነው። በእኛ ቋንቋ «የጥላ ሥራ» ልንለው እንችላለን። በምዕራቡ ዓለም ራሳቸውን ጠንቋይ ብለው የሚጠሩ ሰዎች ለጀማሪዎቻቸው ከሚሰጡአቸው ትምህርቶች አንዱ ይህ ነው። ጀማሪዋ በሌሊት ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ሻማ ታበራለች፤ በመስታወት ፊት ሆና ወይም ደብተር ይዛ የምታፍርበትን፣ የምትፈራውን፣ በሌሎች ላይ አይታ የምትጠላውን ነገር ትጽፋለች። ከዚህ ጋር የሟርት ካርድ የሚገልጡ አሉ፤ መናፍስትን የሚጠሩም አሉ። ዓላማው ራስን ማወቅ ነው ይባላል።

ሐሳቡ ግን መጀመሪያ ከጠንቋዮች አልመጣም። «ጥላ» የሚለውን ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1875 የተወለደውና በ1961 ያረፈው ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሐኪም ካርል ዩንግ ነው። ዩንግ የፕሮቴስታንት መጋቢ ልጅ ነበር። እርሱ ጥላ ያለው ሰው በራሱ ውስጥ እንዳለ ሊያምን የማይፈልገውን ክፍል ነው። ሰው ይህን ክፍል ከራሱ ይደብቅና በሌላው ሰው ላይ ያየዋል፤ ባየውም ጊዜ እጅግ ይቆጣል።

በእኛም አገር ጥላ የሚለው ቃል ከመናፍስት ነገር ጋር ሲነሳ የኖረ ነው። በብራና ክታቦች ላይ ከተጠቀሱት ክፉ መናፍስት አንዱ «ጥላ ወጊ» ይባላል። አባቶቻችን የፈሩት ከውጭ መጥቶ ጥላቸውን የሚወጋውን ነው። ዩንግ የተናገረው ደግሞ ከውስጥ ስለሚወጣው ጥላ ነው።

ወገኖች ሆይ፣ እዚህ ላይ ይህ ጥንቆላ ነው፣ እኛን አይመለከተንም ብለን ልናልፈው እንችላለን። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ጥንቆላን የሚጠላ፣ የሚቃወም፣ የሚያሳድድም ሰው ከዚህ ጥላ ነፃ ነውን? ለዚህ ጥያቄ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሕይወት የበለጠ መልስ የሚሰጥ ታሪክ በሀገራችን ማግኘት ያስቸግራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከግሸን አምባ ወደ ዙፋን

ዘርዓ ያዕቆብ በ1399 በአዋሽ ወንዝ አጠገብ በነበረው በፈጠጋር አውራጃ ተወለደ። አባቱ ዐፄ ዳዊት፣ እናቱም ንግሥት እግዚእ ክብራ ነበሩ። ከታላላቅ ወንድሞቹ በኋላ የተወለደ ስለ ነበረ ለዙፋን ቅርብ የሆነ ልጅ አልነበረም።

በዚያ ዘመን የነገሥታት ወንዶች ልጆች እርስ በርሳቸው እንዳይዋጉና ዓመፀኞች እንዳያነግሡአቸው በግሸን አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። ግሸን በዛሬው ደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል፣ ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። አካባቢው በዚያን ጊዜ አማራ ይባል በነበረው ግዛት ውስጥ ነበረ። ዛሬ ብዙ ሰው ግሸንን የሚያውቀው መስከረም 21 ቀን በሚከበረው በዓል ነው። ለዘርዓ ያዕቆብ ግን እስር ቤት ነበረ።

እስቲ አስቡት። አንድ ወጣት ከገደል በላይ ተቀምጦ ዓመታትን ይቈጥራል። ከታች ወንድሞቹና የወንድሞቹ ልጆች በየተራ ይነግሣሉ፤ እርሱ ግን በጠባቂዎች መካከል ነው። ማን መርዝ እንደሚያበላው፣ ማን እንደሚከስሰው አያውቅም። በ1434 መልእክተኞች ወደ አምባው ወጥተው ንጉሥ ነህ ብለው ሲያወርዱት ዕድሜው 35 ዓመት ነበር። አካሉ ከአምባው ወረደ። በኋላ ያደረገውን ስናይ ግን ፍርሃቱ አብሮት ሳይወርድ እንዳልቀረ እንገምታለን።

ታላቅ ንጉሥ ነበረ

ለእውነት ስንል የሠራውን መልካም ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ዘርዓ ያዕቆብ በመካከለኛው ዘመን ከተነሡት ነገሥታት መካከል እጅግ ብርቱው ነው የሚሉት የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። በ1436 ወደ አክሱም ሄዶ በጥንቱ ሥርዓት ዘውድ ጫነ። በ1445 የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ጎሚት በተባለው ስፍራ ድል አደረገ። በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ በሰንበት ምክንያት ለብዙ ዘመን ተለያይተው የኖሩትን የኤዎስጣቴዎስን ደቀ መዛሙርት ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር አስታረቀ።

የብዕር ሰውም ነበረ። መጽሐፈ ብርሃን፣ መጽሐፈ ሚላድና ጦማረ ትስብእት በእርሱ ስም የሚታወቁ መጻሕፍት ናቸው። ካህናት በቅዳሜና በእሑድ ሕዝቡን እንዲያስተምሩ አዘዘ። የሃይማኖት ቅንዓቱ የማስመሰል ነበር ለማለት ምንም ምክንያት የለንም። የሚጾም፣ የሚጸልይ፣ ስለ እምነቱ የሚያስብ ሰው ነበረ። ታሪኩን ለእኛ አስፈሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ግብዝ ቢሆን ኖሮ የሌላ ሰው ታሪክ ነው ብለን ባለፍነው ነበር።

በግንባርና በክንድ ላይ የተጻፈ ክህደት

ንጉሡ ከዙፋኑ ሆኖ ሕዝቡን ሲመለከት ያየው ነገር አሳዘነው። ሕዝቡ በስሙ ክርስቲያን ነው፤ ነገር ግን ሲታመም ወደ ጠንቋይ ይሄዳል፤ ለዛፍና ለምንጭ ይሠዋል፤ ደስክና ዲኖ የተባሉትን መናፍስት ያመልካል። ወገኖች ሆይ፣ ይህ ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው። እግዚአብሔር ሟርትንና አስማትን እንደሚጠላ ቃሉ በግልጽ ይናገራል (ዘዳ. 18፥10-12)። ቀን ቤተ ክርስቲያን፣ ሌሊት ቃሊቻ ቤት የሚሄድ ሰው ዛሬም አለ።

ንጉሡ የመረጠው መድኃኒት ግን ዐዋጅ ነበር። ሰው ሁሉ በግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም እንዲጽፍ አዘዘ። በቀኝ ክንዱ ላይ ዲያብሎስን በክርስቶስ መካዱን፣ በግራ ክንዱ ላይ ደግሞ ደስክን መካዱንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን እንዲጽፍ አዘዘ። ዐዋጁን ያልፈጸመ ብርቱ ቅጣት ይጠብቀው ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። በቆዳ ላይ መጻፍ ይቻላል። በልብ ላይ ግን በዐዋጅ መጻፍ አይቻልም። ግንባሩ ላይ የሥላሴ ስም ያለበት ሰው በልቡ ማንን እንደሚያመልክ ንጉሡ እንዴት ያውቃል? አያውቅም። ስለዚህ ጥርጣሬው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ጥርጣሬ ባለበት ደግሞ ጠቋሚ አይጠፋም።

ጠቋሚዎቹ መጡ። ንጉሡ የሚፈራውን ያወቁ ሰዎች እገሌ ለደስክ ሰግዷል፣ እገሊት ለዲኖ ሠውታለች እያሉ ይከስሱ ጀመር። የቆየ ቂም ያለበት ሰው ጠላቱን የሚያጠፋበት መንገድ አገኘ። የንጉሡን ሥራ የጻፈው ዜና መዋዕል ራሱ፣ ስለ ንጉሡ ክብር የተጻፈ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሰው በሐሰት ክስ እንደ ጠፋ ሳይሸሽግ ተናግሯል።

የገዛ ልጆቹ

ክሱ ከሕዝቡ መንደር ተነሥቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገባ። ዘርዓ ያዕቆብ አገሩን ለባላባቶች አላምን ብሎ ሴቶች ልጆቹን በየአውራጃው ሾሞ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ወንዶችና ሴቶች ልጆቹ ራሳቸው ደስክንና ዲኖን አምልከዋል ተብለው ተከሰሱ። ዜና መዋዕሉ ስማቸውን ዘርዝሯል። ከወንዶቹ ገላውዴዎስ፣ ዓምደ ማርያም፣ ዘርዓ አብርሃምና በትረ ጽዮን፤ ከሴቶቹ ድል ሰምራና ሮም ገነየላ ይገኙባቸዋል።

አባት የሆናችሁ፣ እናት የሆናችሁ፣ የቀጠለውን በዝግታ አንብቡ። ንጉሡ ልጆቹን አስገረፈ። ከዚያም ሕዝቡን ሰብስቦ ለእግዚአብሔር ቀንቶ ለገዛ ልጆቹ እንዳልራራ ነገራቸው፤ ቅጣቱ ይበቃ እንደ ሆነ ወይም መጨመር ይገባ እንደ ሆነ ጠየቃቸው። ሕዝቡ የልጆቹን ቍስል አይቶ አለቀሰ። ለሞት ከቀረቡ በኋላ ምን የሚጨመር ቅጣት አለ ሲልም መለሰለት። ከእነዚህ ልጆች መካከል በዚያ ቅጣት የሞቱ አሉ።

በዚያ ጉባኤ ሁሉም ሰው አንድ ነገር አይቷል። ንጉሡ ብቻ አላየውም። ልጆችን ለመናፍስት መሠዋት አረማዊነት ነው ብሎ የሚያምን ሰው የገዛ ልጆቹን ለፍርሃቱ ሠዋ። ጨለማውን በልጆቹ ላይ ሲፈልግ ጨለማው በገዛ እጁ ውስጥ ነበረ።

ደቂቀ እስጢፋኖስና የሰማዩ ብርሃን

በዚያው ዘመን በትግራይ አባ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኩሴ ተነሡ። እርሳቸውና ደቀ መዛሙርታቸው ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ካልሆነ በቀር አንሰግድም አሉ። ለንጉሡም፣ ለማርያም ሥዕልም፣ ለመስቀልም መስገድን እምቢ አሉ። እነዚህ ሰዎች በገዳም የሚኖሩ፣ የሚጾሙ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን ሥርዓት የሚጠብቁ መነኮሳት ነበሩ። ስለዚህ የዛሬ ፕሮቴስታንቶች አድርገን ልንስላቸው አይገባም። ይሁን እንጂ ጠንቋዮች አልነበሩም፤ ጣዖት አምላኪዎችም አልነበሩም። ንጉሡ ግን እንደ እግዚአብሔር ጠላቶች ቈጠራቸው። አባ እስጢፋኖስ በእስር አረፉ።

በ1450ዎቹ አጋማሽ ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎቹ በንጉሡ ፊት ቀርበው ተፈረደባቸውና በየካቲት ወር መጀመሪያ በድንጋይ ተወገሩ። ከ38 ቀን በኋላ መጋቢት 10 ቀን በሰማይ ላይ ታላቅ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ይህን ብርሃን እግዚአብሔር በሥራው ደስ እንደ ተሰኘበት ምልክት አድርጎ ተቀበለው። በዚያም ስፍራ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠራ፤ ስሙንም ደብረ ብርሃን አለው። ዛሬ በዚያ ከተማ የምትኖሩ ሁሉ ስሙ ከዚህ ታሪክ ጋር እንደ ተያያዘ ታውቃላችሁ።

ተመልከቱ፣ ልቡ ያልተመረመረ ሰው ከሰማይ ምልክት ቢያይ እንኳ ለራሱ በሚመቸው መንገድ ይተረጕመዋል። ብርሃኑን በንስሐ ሊቀበለው ይችል ነበር። እርሱ ግን እንደ ሽልማት ተቀበለው።

ከዚያ በኋላ ንጉሡ ቀሪውን ዘመኑን በአብዛኛው በደብረ ብርሃን አሳለፈ። ካህናት በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሌሊትና ቀን ይጸልዩ ነበር። በግቢው ዙሪያ ጠበል ይረጭ ነበር፤ ንጉሡ ጠንቋዮች ከውጭ ይጐዱኛል ብሎ ይፈራ ነበርና። ከሃያ ዓመት በላይ ጠንቋይ ካሳደደ በኋላ ከቀድሞው ይልቅ ጠንቋይ ይፈራ ነበር ማለት ነው።

ጽዮን ሞገሳ

በ1462 ገደማ ፍርሃቱ እንደ ገና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከሚስቶቹ አንዷ ጽዮን ሞገሳ ልጇን በእደ ማርያምን በአባቱ ፈንታ ልታነግሥ አስባለች ተብላ ተከሰሰች። ንጉሡ አስገረፋት፤ በዚያውም ምክንያት ሞተች። በስውር በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች።

ልጇ የእናቱን ሞት ባወቀ ጊዜ ለመታሰቢያዋ ለዚያ ቤተ ክርስቲያን ዕጣን አበረከተ። አባቱ ይህን ሲሰማ ተቈጣ። በኋላ ግን ታረቁ፤ ንጉሡም በእደ ማርያምን ወራሽ አደረገው። የአንድ ልጅ ሐዘን፣ አንድ ዕፍኝ ዕጣን፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መካከል እንደ ትንሽ መብራት ይታያል።

ዘርዓ ያዕቆብ በ1468 አረፈ። አጽሙ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም እንደሚገኝ ይነገራል። በእደ ማርያም ሲነግሥ አባቱ ያሰራቸውን ሰዎች ፈታ፤ ደብረ ብርሃንንም ትቶ ሄደ። በአማራ ግዛት፣ በዛሬው ደቡብ ወሎ፣ አትሮንሰ ማርያም የተባለውን ቤተ ክርስቲያን አሠራ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ጥንቆላ ቀልድ አይደለም። ሻማ አብርታ ካርድ የምትገልጥ ወጣት ራሴን እያወቅሁ ነው ብትልም በማታውቀው መንፈስ እጅ ራሷን እየሰጠች ነው። ነገር ግን ለምን ወደዚያ ሄደች ብለን እንጠይቅ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኀፍረቷን፣ ቍጣዋንና ቍስሏን ሳትፈራ የምትናገርበት ስፍራ አጥታ ይሆን? ሁላችን አሜንና ሃሌሉያ ብቻ የምንል ከሆነ ድካሙን የሚናገር ሰው የት ይሂድ?

ሁለተኛ፣ የንጉሡ ኀጢአት ዛሬ በእኛ መካከል አለ። አንድ ሰው ሥራ አጣ፤ አንዲት እህት ትዳር ዘገየባት። ነቢይ ነኝ የሚል ሰው ተነሥቶ ያሰረችሽ አክስትሽ ናት፣ ያስደገመብህ ወንድምህ ነው ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቤተሰብ አንድ ማዕድ አይቀርብም። ያቺ አክስት ምንም ሳታውቅ በእርጅናዋ ብቻዋን ትቀራለች። በገጠር ደግሞ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ናቸው እየተባሉ ሲታሙ ኖረዋል፤ አማኝ የሆንን ሰዎችም ይህን ሐሜት ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንገባለን። ይህ መንፈሳዊ ውጊያ አይደለም። የዘርዓ ያዕቆብ ጠቋሚዎች ሥራ ነው። ጌታችን በወንድማችን ዓይን ያለውን ጕድፍ ከማየታችን በፊት በዓይናችን ያለውን ምሰሶ እንድናወጣ አዝዞናል (ማቴ. 7፥3-5)።

ሦስተኛ፣ ወደ ውስጥ የምናይበት ሌላ መንገድ አለ። ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት መጥቶ የድሀውን በግ ስለ ወሰደ ባለጠጋ ሲነግረው ዳዊት እጅግ ተቈጣ፤ ያ ሰው ሞት ይገባዋል ብሎም ፈረደ። በሌላው ሰው ላይ ያየው ግን ራሱን ነበር (2 ሳሙ. 12)። ነገሩ ዩንግ ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ጥላ ብሎ የጠራው ነው። በዳዊትና በዘርዓ ያዕቆብ መካከል ያለው ልዩነት የኀጢአት ማነስ አይደለም። ዳዊትም የሰው ደም አፍስሷል። ዳዊት ግን ያ ሰው አንተ ነህ ሲባል ቆመ፤ ራሱን አየ፤ ተሰበረ፤ ምሕረትም አገኘ።

ስለዚህ የተወደዳችሁ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። ጸጥ ባለ ሰዓት በጌታ ፊት ተቀመጡ። መስታወትና ካርድ አያስፈልጋችሁም። እግዚአብሔር ልባችሁን እንዲመረምር በመዝሙር 139፥23-24 መንገድ ጸልዩ። ከዚያም እጅግ የሚያስቈጣችሁን ሰው አስቡና በእርሱ ላይ የምጠላው ነገር በእኔስ ውስጥ አለን ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ቢያሳፍራችሁ አትሽሹ፤ በብርሃን ለሚመላለስ የክርስቶስ ደም አለና (1 ዮሐ. 1፥7-9)። ለምታምኑት ወንድም ወይም እህት ተናዘዙ (ያዕ. 5፥16)። የቆየ ብርቱ ቍስል ያለባችሁም በሙያው የሠለጠነ አማካሪ ዘንድ መሄድን እንደ እምነት ማነስ አትቍጠሩት። በጥርጣሬ የራቃችሁት ዘመድ ካለ ደግሞ ዛሬ ስልክ ደውሉለት።

ንጉሡ ክህደቱን በሰዎች ግንባርና ክንድ ላይ አስጻፈ። ጌታ የሚፈልገው ግን በልባችን ላይ ሊጽፍ ነው። እርሱ የሚጽፈው ደግሞ ልቡን ለከፈተለት ሰው ነው።

ጌታ ልባችንን ይመርምር፤ ቤታችንንም ከጥርጣሬ ይጠብቅ። አሜን። ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።